ሰኞን የማያውቅ ልብ

አንድ ሰው ከክሊኒክ እየሳቀ ወጣ።

ሰው ከክሊኒክ ሲወጣ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አንገቱን ይደፋል፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከታል፣ የሚያውቀው ሰው እንዳያገኘው በጥግ በጥግ ይሄዳል። ይህ ሰው ግን የምርመራ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ለምትጠብቀው ሚስቱ ከሩቁ እያውለበለበ ነበር የወጣው።

«ዘርፌ! ልቤ ዘበኛ አለው!» አላት።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ የምነግራችሁ ደስ ብሎኝ አይደለም። ብቻዬን ስሄድ ትዝ ሲለኝ ይበርደኛል። ሳልነግራችሁ ብቀር ግን ከዚያ የባሰ ፍርሃት ይይዘኛል።

የሰውየውን ስም ልተወው። በሞጆ መውጫ ላይ፣ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት አጠገብ፣ የመኪና ራዲያተር ይጠግናል። ሃምሳ ስድስት ዓመቱ ነው። የሚካኤል ጽዋ ማኅበር መሪ ስለሆነ፣ የማኅበር መሪ እንደሚጠራው፣ ሰው ሁሉ «ሙሴ» ይለዋል። እኔም ሙሴ እለዋለሁ።

ደግ ሰው ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ «ክፉ ስለሆነ ነው» ብላችሁ ራሳችሁን እንዳታሳርፉ ነው። ይጾማል፤ ያስቀድሳል። የታመመ ይጠይቃል፤ የተጣላ ያስታርቃል። ስኳር በሽታ አለበት፤ ዘጠኝ ዓመቱ። በቅርቡ ደግሞ ዳገት ሲወጣ መቆም ጀምሯል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስደዋን ትንሽ ዳገት እኩሌታ ላይ ሲደርስ፣ የጫማ ማሰሪያውን የሚያጠብቅ መስሎ ጎንበስ ይላል።

ጫማው ማሰሪያ የለውም።

ሚስቱ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል አየችው። በሁለተኛው እሁድም አየችው። በሦስተኛው ሳምንት ክንዱን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችው።

እስቲ ክሊኒኩ ውስጥ አብረን እንግባ። ሲስተር ትርሲት የምትባል ነርስ ውጤቱን እየነገረችው ነው።

«ጋሼ፣ ስኳርዎ በጣም ከፍ ብሏል። የደም ግፊትዎም ልክ አይደለም። መጥፎ ኮሌስትሮል የምንለው፣ የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ስብ፣ እሱም በዝቷል።»

እያንዳንዱን ስትጠራ ሰውየው ወንበሩ ላይ እያነሰ ሄደ። ዝገት በማይለቀው ጣቱ ወረቀቱን ነካ።

«ይቺኛዋስ?»

«እሷ ኤች ዲ ኤል ናት። ጥሩው ኮሌስትሮል እንላታለን። ከደም ሥር ግድግዳ ላይ ትርፉን ስብ እያነሳች ወደ ጉበት የምትመልስ ናት።»

«ስንት ነች?»

«ስልሳ አንድ።»

«ጥሩ ነው መጥፎ?»

«ቁጥሩ ጥሩ ነው። ግን ጋሼ፣ እርስዎ ስኳር ስላለብዎ ቁጥሩ ብቻውን...»

ሰውየው ተነሥቷል!

«አየሽ ልጄ! ሚካኤል አይተወኝም ብዬ ነበር!»

«ጋሼ፣ አልጨረስኩም እኮ። ይቀመጡ። ስቡን የሚቀንሰውን ኪኒን በየቀኑ ይውሰዱ። የልብ ምርመራም ልጽፍልዎ ነው፤ አዳማ ሆስፒታል ሄደው...»

«እሺ፣ እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለና ኪኒኑን ተቀብሎ፣ የቀረውን ንግግሯን ክፍሉ ውስጥ ትቶት ወጣ።

ንግግር ክፍል ውስጥ ይቀራል? ይቀራል! ስንቱ የተነገረን ነገር የተነገረበት ክፍል ውስጥ ቀርቷል። ደስ የሚለውን ይዘን እንወጣለን። የሚያድነንን እዚያው እንተወዋለን።

ከዚያ ሰውየው ምን አደረገ? ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደ። ወረቀቱን በፕላስቲክ አስለበጠው። አዎ፣ እንደ ዲፕሎማ! ከዚያም ጋራዡ ውስጥ፣ ንግድ ፈቃዱ በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ፣ ከንግድ ፈቃዱ ጎን በሚስማር መታው። ስልሳ አንዷን በቀይ እስክሪብቶ ከቧታል። ሾፌር ሲመጣ ያሳያል፤ የማኅበር ሰው ሲመጣ ያሳያል።

ጓደኛው ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነው፣ መነጽሩን አውጥቶ አነበበና፣

«እንግዲህ ሙሴ፣ የንግድ ፈቃድህ በየዓመቱ ይታደሳል። ይቺስ?» አለው።

«ይቺ የዕድሜ ልክ ናት!»

ሳቁ። ጋራዡ በሳቅ ተሞላ። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ምሳ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

ወገኖቼ፣ አሁን አንድ ነገር በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል አላለፈም። ሲስተሯን በኋላ አግኝቼ ጠይቄያት ያስረዳችኝን በራሴ መንገድ ነው የምነግራችሁ።

ደማችሁን እንደ ከተማ አስቡት። ጎዳናዎች አሉት፤ ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ ከዚያ ቀጫጭን መንገዶች፣ ከዚያ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፉ ቀጫጭን ጉራንጉሮች። በዚያ ከተማ ውስጥ ስብ ያልፋል። አንዳንዱ እየተንጠባጠበ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ሲደራረብ መንገዱን ያጠባል። ታዲያ የዚያች ከተማ ፈጣሪ ጠራጊዎችን አቆመ። ማልደው የሚነሡ፣ ቅርጫት ያዘሉ፣ ማንም የማያመሰግናቸው ጠራጊዎች። ከግድግዳው ላይ እየላጡ፣ ቅርጫታቸው ውስጥ እየከተቱ፣ ጉበት ድረስ ተሸክመው ይሄዳሉ። ኤች ዲ ኤል የተባሉት እነዚህ ናቸው።

ስኳር በሽታ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ላይ እነዚህ ጠራጊዎች ቁጥራቸው ያንሳል። የእኛ ሰው ላይ ግን አላነሱም። ስልሳ አንድ ናቸው ተባለ። ስለዚህ ሰውየው ተኛ።

ግን ሰዎች ሆይ፣ እነዚያ ጠራጊዎች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በምን ውስጥ ነበር ሲመላለሱ የኖሩት? በስኳር ውስጥ! ከልኩ ባለፈ ስኳር ውስጥ። ማር ውስጥ እጁን የነከረ ሰው ምን መያዝ ይችላል? የያዘውንስ መቼ ይለቃል? ሲስተሯ እንዳለችኝ፣ ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ጠራጊዎቹ ራሳቸው ይታመማሉ። ይሄዳሉ፣ ይመጣሉ፣ ጎዳናው ላይ ይታያሉ። የላቦራቶሪው መሣሪያ ይቆጥራቸዋል። ቅርጫታቸው ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። መሣሪያው መኖራቸውን እንጂ መሥራታቸውን አይነግርም።

ይህ አያስፈራችሁም? እኔን ያስፈራኛል! መጥፎው ብቻ ቢሆን የሚገድለን፣ መጥፎውን አይተን እንሸሽ ነበር። መልካሙ ውስጣችን ተቀምጦ፣ ስሙ መልካም ተብሎ፣ ተቆጥሮ፣ ምንም ሳይሸከም ቢቀርስ?

ወደ ታሪኩ ልመለስ።

ሰውየው ኪኒኑን ሦስት ሳምንት ዋጠ። ከዚያ ተወው። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ፓኬቱን መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አገኘችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስብ የሚቀንስ ነው።»

«እና?»

«እና ዘርፌ፣ የኔን ስብ የሚጠርግ በተፈጥሮዬ አለኝ። ሥራውን በሚሠራ ሰው ላይ ሌላ ሰው ምን ያደርጋል? ጉበቴን ነው የሚጎዳው።»

«ሲስተሯ እንደዛ አለችህ?»

«ቁጥሩ ጥሩ ነው ብላኛለች።»

«ከዚያስ ምን አለችህ?»

መሳቢያውን ገፍቶ ዘጋው። ከዚያ ያለችውን አልሰማማ!

እሷም ፈራች። የሴት ፍርሃት ብለው የሚስቁበት ፍርሃት። እሁድ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል፣ ሳህን የምታነሳ መስላ አጠገቡ ትቆማለች። ደረቱ ከፍ ሲል ታያለች፤ ዝቅ ሲል ታያለች። እንደገና ከፍ እስኪል ያለችው አፍታ ለእሷ አንድ ቀን ነበረች።

ምልክት አልመጣም እንዳትሉ። መጥቷል። ጠዋት በብርድ ያልበዋል፤ «ብርድ መቶኝ ነው» ብሎ ነጭ ሽንኩርት በማር ያላምጣል። መንጋጋውን ያመዋል፤ «ጥርሴ ነው» ይላል። ከምግብ በኋላ የሆዱ አፍ ላይ ይከብደዋል፤ «ጨጓራዬ ነው» ይላል። እኛ አገር ላይ የሚመጣ ሞት ሁሉ ጨጓራ ተብሎ አይደል የሚገባው? ደረቱን ግን አልወጋውም። ስኳር ያለበት ሰው ልቡ ሲታመም ላይወጋው ይችላል ትላለች ሲስተር ትርሲት። ነርቩም ስለሚጎዳ፣ የሚጮኸው ይደክመዋል። ጠባቂው እየተዳከመ፣ ጩኸት የሚያሰማውም እየተዳከመ፣ ቤቱ ግን በሩ ላይ ሰላም ነው ተብሎ ተጽፎበት ይኖራል።

አንድ ሐሙስ ቀን ሙዘይን የሚባል የአይሱዙ ሾፌር መጣ። ከወሎ በኩል ጭኖ የሚመጣ፣ ሰውየው እንደ ልጁ የሚያየው ወጣት ነው።

«ጋሼ ሙሴ፣ ይፈላብኛል! ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ አቆመኝ። እኔ እንጃ ምን እንደሆነ። ውሃውን ደፍቼ አዲስ ኩላንት ሞልቼበታለሁ፤ እዩት፣ እንደ ሣር አረንጓዴ ነው።»

ሰውየው ክዳኑን ከፈተ። እውነትም ንጹሕ ነው። እስከ አፉ ሞልቷል። አንገቱን ነቀነቀና ራዲያተሩን አስወርዶ፣ የላይኛውን ክዳን በእሳት አስለቅቆ ገለጠው። ራዲያተር ውስጡ ቀጫጭን ቱቦዎች ነው፤ በረድፍ የተደረደሩ። በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ ነካካቸው። አንዱ ዝግ። ሁለተኛው ዝግ። ሦስተኛው ዝግ። ከረድፉ ሙሉ ሦስት ወይም አራት ብቻ ይከፈታሉ።

«ና እይ ልጄ» አለው ለሾፌሩ። «ኩላንትህ ጥሩ ነው። መሙላቱም ሞልቷል። ግን ሙቀቱን ከሞተሩ አንሥቶ የሚያወጣው የለም። ከላይ ቆሞ ያምራል እንጂ አይሠራም።»

«ነገ ጭነት አለብኝ ጋሼ። አሁን እንደምንም ግጠሙልኝና ሰኞ ላምጣው?»

ሰውየው በረጅሙ ሳቀ።

«ሰኞ? ሞተሩ ሰኞን ያውቃል እንዴ? ዳገቱ መሐል ሲነድ ‹ቆይ ሰኞ እኮ ነው ያልከኝ› ይልሃል?»

ሾፌሩም ሳቀ። ሰውየው ግን ሳቁን ሳይጨርስ ቀረ። ሽቦው በእጁ ላይ እንዳለ፣ አፉ ትንሽ እንደተከፈተ፣ የተዘጉትን ቱቦዎች እያየ ቀረ።

ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ከኋላው ቆማ ነበር።

«የተናገርከውን ሰማኸው?» አለችው ቀስ ብላ።

ሾፌሩ አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ፣ ነገሩ ስላልገባው ሻይ ልጠጣ ብሎ ወጣ። ሰውየው የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀመጠ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ከዚያ ሁሉ ወራት በኋላ፣ ሰማ! ነርስ አልነበረችም የነገረችው፤ ሰባኪም አልነበረም። የገዛ አፉ ነው የነገረው።

«ሰማሁ» አላት።

«ፈራህ?»

«ፈራሁ።»

«እንሂድ። አሁኑኑ አዳማ እንሂድ። ባጃጅ ልጥራ፣ ከመናኸሪያው ሚኒባስ እንይዛለን።»

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ምንኛ ደስ ባለኝ! ሰማ፣ ፈራ፣ ተነሣ፣ ዳነ ብያችሁ ከዐውደ ምሕረቱ ወርጄ በተቀመጥኩ። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ በሐሳቤ እንደዚያ እጨርሰዋለሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አያቸዋለሁ፤ እሷ በመስኮት በኩል፣ እሱ በእጇ ላይ እጁን አድርጎ። ግን እንደዚያ አልሆነም።

«ሰኞ እንሄዳለን» አላት።

«ምን?»

«ሰኞ። እሁድ ሚካኤል ነው፤ ማኅበሩ በእኛ ቤት ነው። ተራው የእኔ ነው። ጠላው ተጠምቋል፣ ሠላሳ ሰው ይመጣል። ሙሴ ሆስፒታል ተኝቶ ማኅበሩ በማን ቤት ይበላል? አስተኝተው ቢያስቀሩኝስ?»

«ሞተሩ ሰኞን ያውቃል እንዴ ብለኸው የለም? አሁን፣ አሁን እኮ ነው ያልከው!»

«ዘርፌ፣ ሦስት ቀን ናት! ሦስት ቀን ምን አላት? ሰው እንዳይስቅብኝ አድርጊ እባክሽ።»

አያችሁ? አልሰማም እንዳትሉ፤ ሰምቷል። አልፈራም እንዳትሉ፤ ፈርቷል። ያልሰማ ሰው አልነበረም የጠፋው። ሰምቶ ቀጠሮ የሰጠ ሰው ነው።

እሁድ ሆነ። ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩ ሰዎች በየተራ ገቡ። ቤቱ ሞላ፤ ግቢው ሞላ። ሰውየው ነጭ ለብሷል። እንግዳ ያስቀምጣል፣ ጠላ ያስቀዳል፣ «ብሉ እንጂ፣ ብሉ» ይላል። ጋሽ እንግዳወርቅ ከማዕዘን ሆኖ፣

«ሙሴያችን ዛሬ ገርጥቷል፤ ሙሽራ መሰለ እኮ!» ይላል።

ጽዋው ተነሥቶ፣ ጸሎት ተደርጎ፣ ሰውየው ሊመርቅ ቆመ። ሁለት ቃል ተናገረ። ሦስተኛው አልመጣም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ችፍ አለ። ፊቱ እንደ አመድ ሆነ። እጁን ወደ ግድግዳው ሰደደ፤ ግድግዳውን ሳያገኘው ዝቅ ብሎ ተቀመጠ።

«ስኳሩ ወርዶ ነው!» አለ ጋሽ እንግዳወርቅ እየተነሣ። «ለስላሳ አምጡ! ቶሎ!»

ሁሉም ተንቀሳቀሰ። ለስላሳ መጣ። አንገቱን ደግፈው አጠጡት። ነጠላ ይዘው አናፈሱት። ሎሚ አሸተቱት። «አይዞህ ሙሴ! አይዞህ፣ አሁን ይመለሳል!»

«አልወረደም!» አለች ወይዘሮ ዘርፈሽዋል። «ስኳር አይደለም፣ ልቡ ነው! መኪና ጥሩልኝ!»

«አንቺ ተረጋጊ፤ ታስደነግጪዋለሽ።»

«ልቡ ነው እላችኋለሁ! ሐሙስ ነግሮኛል!»

«ዘርፈሽዋል፣ እኛም እኮ ስኳር እናውቃለን። የእኔ ወንድም እንዲህ ሲሆን በአንድ ጠርሙስ ነው የተመለሰው።»

ሁለተኛ ጠርሙስ ከፈቱ። ሦስተኛ ከፈቱ።

ስኳሩ የወረደበት ሰው ስኳር እንደሚሰጠው እውነት ነው፤ ብዙ ሰውም ድኖበታል። ግን ማን ለካው? የስኳር መለኪያው እዚያው ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ባትሪው ካለቀ ዓመት አልፎት ተቀምጧል። ሠላሳ ሰው አለ። ሠላሳውም ይወደዋል። ሠላሳውም እየረዳው ነው። በዚያ ሁሉ ፍቅር መሐል ልቡ ደም አጥቶ እየሞተ ነው። ይህን አስቡት! በሚጠሉህ ሰዎች መሐል መሞት ያስፈራል ይላሉ። በሚወዱህ ሰዎች እጅ ላይ፣ እያጠጡህ፣ እያናፈሱህ፣ «አይዞህ» እያሉህ መሞትስ?

በመጨረሻ ሴትየዋ ማንንም መለመን ተወች። ነጠላዋን ጥላ፣ በባዶ ራሷ አስፋልት ላይ ወጥታ መሐል መንገድ ቆመች። አንድ ሚኒባስ ጎማው እየጮኸ ፊቷ ቆመ። ሾፌሩ ሊሳደብ አፉን ከፍቶ፣ ፊቷን ሲያይ በሩን ከፈተላት።

አዳማ ሲደርሱ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃት፣ «መቼ ነው የጀመረው?» ብሎ ነው።

«ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ሆኖታል።»

ሐኪሙ ወደ ሰውየው ዞረ። ስኳሩን ለኩት። ወርዷል የተባለው ስኳር አራት መቶ ሰባ ነበር።

ሰውየው ዘጠኝ ቀን ኖረ። ከልቡ ብዙው ክፍል ሞቶ፣ በቀረችው ቁራጭ ዘጠኝ ቀን። ጋሽ እንግዳወርቅ በየቀኑ እየሄደ ኮሪደሩ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ አንድም ቀን አልቀለደም። «ያጠጣሁት እኔ ነኝ» እያለ እጆቹን ያያቸዋል። ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ነች ያጽናናችው።

በስድስተኛው ቀን ሰውየው ከትራሱ ሳይነሣ፣ «ዘርፌ» አላት።

«አቤት።»

«ሐሙስ ሰምቼ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ሐሙስ ለት ሐሙስ ነበረ። አርብም ነበረ። ቅዳሜም ነበረ።»

እጁን ያዘችው። ሌላ የተናገረውን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልዙር። ወደ ራሴም።

የእናንተ ስልሳ አንድ ምንድን ነው? በቀይ የከበባችኋት፣ ግድግዳ ላይ የሰቀላችኋት፣ ሰው «ተው» ሲላችሁ የምታሳዩት? «እኔ እኮ እጾማለሁ» ነው? «እኔ እኮ ለነዳያን እሰጣለሁ» ነው? «ከሕፃንነቴ ጀምሮ በቤቱ ነው ያደግሁት» ነው? ጥሩ ነው! ቁጥሩ ጥሩ ነው። ጾማችሁን አልንቅም፣ ምጽዋታችሁን አልንቅም። ግን ልጠይቃችሁ፤ ጾማችሁ ከልባችሁ ላይ ምን አንሥቶ አወጣ? ካለፈው ጾም እስከ ዘንድሮ ድረስ ከግድግዳችሁ ላይ የትኛውን ቂም ላጠ? የትኛውን ቅናት ተሸክሞ ወጣ? ወይስ ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይቆጠራል፣ ቅርጫቱ ግን ባዶ ነው?

በላዩ ላይ የምናፈሰውስ? ጥሩ አለኝ ብለን የምንጨምረው ክፉስ? ያ ሰው ስልሳ አንድ አለኝ ብሎ ነው ኪኒኑን የተወው። እኛስ ደግነት አለኝ ብለን አይደል ንስሐውን የተውነው?

እናንተ ደግሞ እንደዚያ ማኅበር ሰዎች የምትወዱትን የምታጠጡ፣ ጓደኛችሁ በኃጢአት ሲገረጣ «ምንም አይደለህም፣ አይዞህ» እያላችሁ የሚጣፍጥ የምትሰጡት፣ ለመሆኑ ለካችሁት? ቤት ውስጥ አንዲት ሴት «ልቡ ነው!» እያለች ስትጮኽ «ተረጋጊ» አላችኋት? እውነቱን የያዘችው እሷ ብቻ ብትሆንስ?

በነፍስ ብቻ እንደምናገር አድርጋችሁ እንዳትሰሙኝ። ሥጋችሁንም የሰጣችሁ እግዚአብሔር ነው። ስኳር ያለባችሁ አባቶችና እናቶች፣ እዚህ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። አንዱ ቁጥር ጥሩ ነው ስለተባለ መድኃኒታችሁን አትጣሉ። ሐኪሙ ተናግሮ እስኪጨርስ ወንበራችሁ ላይ ቆዩ። ከከበዳችሁ፣ ካላባችሁ፣ ዳገት ካቆማችሁ፣ ጨጓራ ነው ብላችሁ ስም አታውጡለት።

እኔን የሚያስፈራኝ የማይሰማ ሰው አይደለም። ለማይሰማ ሰው ገና ተስፋ አለ፤ አንድ ቀን ይሰማ ይሆናል። እኔን የሚያስፈራኝ አሁን እየሰማኝ ያለው ነው። ውስጡ ደንግጦ፣ «እውነት ነው፣ እኔን ነው» ብሎ፣ ከዚያ በልቡ ቀን የሚቆርጠው። ከበዓሉ በኋላ፣ ከሠርጉ በኋላ፣ ልጆቹ ሲደርሱልኝ። የተጣላኸው ወንድምህ ቤት ከዚህ ስንት እርምጃ ነው? ያስቀየምሻት ጎረቤትሽ ዛሬ እዚህ ተቀምጣ የለችም?

ስናገር ሳለሁ ከመካከላችሁ አንድ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አይቻለሁ። ስሙን አልጠራም። አሁን ቶሎ ብሎ አውርዶታል። አጠገቡ ያለችው ሚስቱም አይታዋለች፤ እሷም ወደ እኔ ዞራ ያላየች መስላለች።

ወንድሜ፣ ስብከቱን እስክጨርስ አትጠብቅ። መሐል ላይ ተነሥቶ ሄደ ብዬ አልቀየምህም፤ ማንም አይስቅብህም። መንገድ ልቀቁላቸው። እህቴ፣ ክንዱን ያዢው። ሂዱ።